ሦስት አዲስ መኪናና አንድ ካርቶን

ሮቤ ውስጥ የእንስሳት ክትባት በሚያሠራጭ አንድ መሥሪያ ቤት የመኪና ስምሪት ላይ እሠራለሁ። ማን ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው መኪና እንደሚሄድ ጽፎ መፈረም ነው ሥራዬ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። መኪና ሲጠፋ የምሰደበው እኔ ነኝ፤ መኪና ሲኖርም የምሰደበው እኔው ነኝ፣ ምክንያቱም ሁሉም ጋቢና ካልተቀመጥኩ ይላል። በዚያ ላይ ጠባዬ እሳት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ተናግረሽ ነው ኋላ የምታስቢው" ይለኝ ነበር። ይህ የምተርከው ነገር ግን መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩበት ነው። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ዝም አልኩ፣ እሱም ያለ ቦታው ሆነ።

ሦስቱ አዲስ ደብል ጋቢናዎች የመጡ ቀን ግቢያችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ለዓመታት ስንጠይቅ ነው የኖርነው። የነበሩን መኪኖች ከማርጀታቸው የተነሣ ዝናብ ሲመጣ ውስጥ ተቀምጦ ጃንጥላ የሚያስዘረጉ ነበሩ። አዲሶቹ ነጭ ናቸው፣ ወንበራቸው ከነላስቲኩ ነው፣ በሩ ሲከፈት የሱቅ ሽታ ይሸታል። አብሮ የመጣው መጽሔት ላይ ያው መኪና ድንጋይ ሲወጣ፣ ወንዝ ሲሻገር፣ ጭቃ ሲሰነጥቅ የሚያሳይ ፎቶ አለበት። "ይኼማ ሳነቴን እየዘፈነ ነው የሚወጣት" አለ አንዱ ሹፌር፣ ከጎባ በላይ ያለውን ብርዳም አምባ ማለቱ ነው። የሰፈር ሽማግሌዎች ተጠርተው እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በኦሮምኛ መረቁልን፤ እኛም አሜን አልን። ኃላፊያችን፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ለስላሳ ሰው ነው፣ የወንበሩን ላስቲክ ማንም እንዳይልጥ አዘዘ። ለስድስት ወር ያህል ላስቲክ ላይ እየተንሸራተትን ነው የሄድነው።

የሦስተኛዋን ቁልፍ ለጋሼ ሰጠሁ። ጋሼ የምላቸው የመሥሪያ ቤቱን አንጋፋ ሹፌር ነው። የጎባ ሰው ናቸው። ከአባቴ ጋር የጎባና የመናን መሥመር አብረው የነዱ፣ ሰላታቸውን የማያሳልፉ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሰው። እኔን ሲላቸው "ልጄ"፣ ሲላቸው በኦሮምኛ "ኢንታሎ" ይሉኛል፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።

የሚኮሩበት አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው፤ በነዱበት ዘመን ሁሉ ተጎትተው ገብተው አያውቁም። የነዳጅ ጋን ቢሸነቆር በሳሙና ደፍነው፣ ቀበቶ ቢበጠስ በገመድ አስረው፣ ፍሬን እንቢ ቢል በማርሽ እየያዙ፣ ብቻ እንደምንም ብለው መኪናዋን በራሷ ጎማ ግቢ ያስገባሉ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር። "ሳልጎተት ልውጣ እንጂ ሌላ አልለምንም" ይሉ ነበር። ሹፌሮቹ ሲስቁ እሳቸውም ይስቃሉ፤ የልባቸው ነገር ግን እሱ ነበር። ሁላችንም እናውቀው ነበር።

አዲሷ መኪና ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ መሪውን እንኳ ሳይነኩ መጀመሪያ ያዩት ዳሽቦርዱን ነው።

"መርፌዋ የታለች?" አሉ።

የሙቀት መርፌዋን ነው። በአሮጌዎቹ መኪኖች ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ የምታሳይ አንዲት መርፌ አለች። የባሌ ሹፌር ግማሽ ዓይኑን መንገዱ ላይ፣ ግማሽ ዓይኑን እሷ ላይ አድርጎ ነው የሚነዳው፤ ከውርጭ ተነሥቶ በአንድ ቀን ቆላ የሚወርድ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? በአዲሷ ግን የለችም።

"ጋሼ፣ አሁን በመብራት ሆኗል። ከሞቀ ቀይ መብራት ይበራል" አላቸው የሁለተኛዋ መኪና ሹፌር፣ መጽሔቱን ያነበበው እሱ ነበርና።

"ሊሞቅ ሲል ነው የሚበራው፣ ከሞቀ በኋላ?"

መጽሔቱ ይህን አይልም። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ጋሼም ቢስሚላህ ብለው አስነሡ።

ሁለት ወር አልሞላም። የመጀመሪያዋ መኪና ከዲንሾ ስትመለስ ነጭ ጭስ እየተፋች መንገድ ላይ ቆመች። ውኃዋን ሲያዩት የለም፤ የፈሰሰበት ቦታ ደግሞ አይታይም። ጠጥታዋለች። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛዋ ከጎባ በላይ ዳገቱ ላይ ጉልበቷ ከዳት። መጀመሪያ በእግሩ ከሚሄድ ሰው እኩል ሆነች፣ ከዚያ በግ የሚነዳ ሰው አለፋት፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ሁለቱንም አስጎትተን ግቢ አስገባን። የባጃጅ ነጂዎች በራችን ሲያልፉ "እንግፋላችሁ?" ማለት ለመዱ። አንዱ ባለ ፈረስ ጋሪማ ፈረሱን ወደ ግቢያችን አዙሮ "ይኼኛው ዋስትና አለው፣ የሚጠይቀው ገብስ ብቻ ነው" አለን። አንጀቴ እያረረ ሳቅኩ።

ዋስትና ሲባል ነው የሚያቃጥለኝ። አስመጪው ድርጅት አዲስ አበባ ነው። ስንደውል የሚያነሡት ሰዎች አንደበታቸው ማር ነው፤ ሞተሩን ማንም እንዳይከፍት ይሉናል፣ የሌላ መካኒክ እጅ ካረፈበት ዋስትናው ይሰረዛል ይሉናል፣ ባለሙያ እንልካለን ይሉናል። መቼ ስንል፣ እናሳውቃለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሮቤና ጎባ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተር ፈትተው የሚገጥሙ መካኒኮች እያሉ ሁለት አዲስ መኪና ግቢ ውስጥ ተገትረው አቧራ ጠጡ።

ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የሚፈርመው ኃላፊው ነው። መኪኖቹ የተገዙት ለዚህ አገር መንገድ ነው ተብሎ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ትናንት አልተሠራም፣ ዳገቱም ትናንት አልበቀለም ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው "አልበቀለም" የምትለዋን ሰረዛት። መልሱ "የአጠቃቀም ጉድለት ሊሆን ስለሚችል በባለሙያ ይጣራል" የሚል ነበር። በሌላ አማርኛ፣ እናንተ መንዳት አትችሉም ማለት ነው። ያን ቀን ቢሮዬን ዘግቼ ብቻዬን ተሳደብኩ።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ በጋሼ መኪና ላይ ወደቀ። ጊዜው ደግሞ ውርጭ የሚወድቅበት ወር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳነቴ ላይ ያሉት ኩሬዎች ከላይ በረዶ ይጋግራሉ፤ ጭቃው እንደ ሸክላ ይሰበራል። አንድ ቀን ጋሼ እንዲያው እንደ ወሬ "ሞተሯ ለመሞቅ ትዘገያለች፣ ማሞቂያውም እፍ ከማለት አይሻልም" አሉኝ። ወሬውን ወሬ አድርጌ መተው ነበረብኝ። ግን እኔ የሹፌር ልጅ ነኝ፣ ሁሉንም አውቃለሁ።

አባቴ በብርድ ወራት ከጎባ ሲነሣ የራዲያተሩን ፊት በካርቶን ይሸፍን ነበር፤ የሳነቴ ነፋስ ሞተሩን እንዳያቀዘቅዝበት። አምባውን አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካ መውረጃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆምና ካርቶኑን አውጥቶ ከወንበሩ ኋላ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሙቀት ነው። የዚያ መሥመር ሹፌር ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር። ማንም አስተማሪ የለው፣ ማንም አይጠይቅ፤ ብርድ ሲመጣ ካርቶን ነው።

"ለምን ካርቶን አናደርግላትም?" አልኩ።

"ልጄ፣ ያ ለአሮጌዎቹ ነው" አሉ ጋሼ። "እነሱ መርፌ ነበራቸው፣ ሲከፋቸው ይነግሩሽ ነበር። ይቺ አትናገርም። ስትሞት ነው የምትጮኸው።"

"ጋሼ፣ እርስዎና አባቴ አይደላችሁ ይህን ስታደርጉ የኖራችሁት? አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። 

በማግስቱ ዶሎ መና ክትባት ይደርስ ነበር፣ እኔም ለርክክቡ አብሬ እሄድ ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ግቢ ደርሼ የዘይት ካርቶን በቢላ ቆረጥኩ፣ ከፊት ፍርግርጉ ውስጥ አስገብቼ በሲባጎ ጥርቅ አድርጌ በገዛ እጄ አሰርኩት። ጋሼ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ቆመው አዩኝ። አለቃቸው ነኝ፣ የሟች ጓደኛቸው ልጅ ነኝ፣ ግልፍተኛ ነኝ፤ ከሦስቱ ለየትኛው ብለው ዝም እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሳነቴን በጉም አቋረጥን። እውነቱን ለመናገር ሞተሯ ያን ቀን ቶሎ ሞቀች፣ እግራችንም ሙቀት አገኘ፣ እኔም "አላልኩም?" ብያቸው ነበር። መውረጃው ጫፍ ላይ ስንደርስ መኪናዋን ቀስ አድርገው ዳር ሊይዙ ጀመሩ። ለምን እንደሆነ አውቄአለሁ።

"ቁልቁለት አይደል ጋሼ? ታች ስንደርስ ይወጣል። ክትባቱ እንዳይሞቅብን እንቀጥል" አልኩ።

ክትባቱ በረዶ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሁለት ቀን ቢቆም ምንም አይሆንም። ብርዱን ፈርቼ ነው በሩ እንዲከፈት ያልፈለግሁት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ እንኳ ቸኩዬ አልነበረም፤ ደልቶኝ ነው። ጋሼ ለአፍታ አዩኝና ማርሽ ቀይረው ወረዱ።

መና ስንደርስ ሌላ አገር ነው፤ ሰው ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ጥላ ይፈልጋል። ሳጥን ማውረድ፣ መቁጠር፣ መፈራረም፣ ምሳ፤ ጋሼ ሰግደው መጡ፣ ተነሣን። ካርቶኑ ከሁለታችንም ሐሳብ ጠፋ። መርፌ ቢኖር ኖሮ ጋሼ ገና ጫካው ውስጥ ሳሉ ባዩ ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ወደዚያ ሲወረውሩ የሚያዩት ግን ሁሉም ደህና ነው የሚል የጠፋ መብራት ነው።

ሪራ የምትባለውን መንደር አልፈን ጠመዝማዛው ዳገት ሲጀምር ቀዩ መብራት በራ። መብራቱና የሞተሩ ድምፅ መለወጥ አንድ ላይ ነው የመጡት። ጋሼ ወዲያው ዳር ይዘው አጠፉ። ኮፈኖውን ሲከፍቱ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፍርግርጉን አዩ፣ እኔም አየሁ። ካርቶኑ በጉሙ ርሶ፣ በቆላው ደርቆ ራዲያተሩ ላይ ተለጥፏል። በሰንጢ ሲባጎውን ቆረጡት፣ ካርቶኑን ልጠው አወጡት፣ አጣጥፈው ከመንገዱ ዳር ጣሉት።  

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ውኃ ሞላንባት። ተነሣች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ጠፋች። እንደገና አስነሡ፤ እንደገና ጠፋች። በሦስተኛው ቁልፉን አወጡና ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። በሳሙናም፣ በገመድም፣ በምንም የሚሆን ነገር እንዳልሆነ አውቀውታል። ከመና ቡና ጭኖ የሚወጣ መኪና ሲደርስ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ሰንሰለቱንም ያሰሩት እሳቸው ናቸው።

ጎባ ስንገባ ገና ፀሐይ ነበር፣ የገበያ ቀንም ነበር። ሰዉ ከገበያ እየተመለሰ ነው። ጎባ ውስጥ ጋሼን የማያውቅ የለም። እጅ ያነሣላቸዋል፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ያያል፣ እጁን መልሶ ያወርዳል። ጋሼ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ከመንገድ ዳር ቆመው "አካም ታቴ?" ሲሉ ሰማሁ፤ ምን ሆነች ነው የሚሉት።  ጋሼ አጠገብ ተቀምጬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ሦስቱም ከተኙ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ የአስመጪው ባለሙያ መጣ። ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ጥጋበኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ከጋሼ መኪና ጀመረ። ፊቷን ፈትቶ ራዲያተሩ ላይ ተጣብቆ የቀረ የካርቶን ቁራጭና የሲባጎ ጫፍ አወጣ፤ መዳፉ ላይ አድርጎ ለኃላፊያችን አሳየው። ሁላችንም ዙሪያውን ቆመናል።

"ይህን ያደረገው ማን ነው?" አለ።

አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን አልረሳውም። ካርቶኑን ያሰርኩት እኔ መሆኔን ካመንኩ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ይናዳሉ፤ መንዳት አያውቁም ያሉን ሰዎች ልክ ሊሆኑ ነው፤ የሦስቱም ዋስትና ገደል ሊገባ ነው። ይህ ሁሉ ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነበር፤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ሁልጊዜ ሌላውን በምቆጣበት ግቢ ውስጥ፣ ማፈር ፈራሁ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ።

ባለሙያው እንዲያውም አዘነ። "አባቴ፣ ይኼ ለዚህ ሞተር አይሆንም እኮ" አላቸው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ "የአሽከርካሪ ጥፋት" ብሎ ጻፈ። ሥራው ነው፣ ምን ያድርግ። እኔ የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁ።

ጋሼ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ማንኛውንም መኪና እንዳይነዱ ታግደው በር ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን እንዲመዘግቡ ተመደቡ። ኃላፊያችን ደብዳቤውን ሲፈርም "ለእሳቸው እንዲህ ያለ ነገር እፈርማለሁ ብዬ አላስብም ነበር" አለኝ፣ ለእኔ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ጋ ያለችው ክፍል ሄጄ፣ "ጋሼ፣ ለምን?" አልኳቸው።

"ኢንታሎ፣ ደብዳቤ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። አንቺ ጥፋተኛ ከተባልሽ የእነዚያን የሁለቱን መኪኖች ነገር ማን ይሰማሻል? እኔ እንደሆንኩ ጡረታ ወጪ ነኝ" አሉኝ።

ያንን ቃል አጥብቄ ያዝኩት። በየቀኑ ለራሴ እደግመው ነበር። እሳቸው ራሳቸው ፈቅደው ነው፣ ለመሥሪያ ቤቱ ብለው ነው፣ እኔ ብናገር ልፋታቸውን ከንቱ ማድረግ ነው፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ስንት ጠበቃ አለው። ሥራዬንም በእጥፍ ሠራሁ፣ አልዋሽም። ሁለቱ መኪኖች ካርቶን ነክቷቸው አያውቅምና የእነሱ ሞተር ለምን ተቃጠለ ብዬ በየሳምንቱ ጻፍኩ። በሌሎች ከተሞች ያው መኪና የተሰጣቸውን መሥሪያ ቤቶች እየደወልኩ ጠየቅኩ። ያው ጭስ፣ ያው የጠፋ ውኃ፣ ያው ዳገት ላይ መቆም ነበር ወሬያቸው። ያን ሁሉ ሰብስቤ ላክሁ። አንዳንዴ አንድ ገጽ ጽፌ ስጨርስ ዕዳዬን የከፈልኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍቱልኝ ጋሼ ናቸው። "አካም ቡልቴ፣ ኢንታሎ?" ይሉኛል፣ እንዴት አደርሽ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ነጋ፣ ጋሼ፣ እርስዎስ?" እላለሁ፣ ደህና ማለቴ ነው። "አልሐምዱሊላህ።" ድምፃቸው ያው ነው፣ ፈገግታቸውም ያው ነው። ቂም ቢኖራቸው እንዲህ አይሉኝም ነበር እያልኩ ወደ ቢሮዬ እሄዳለሁ። ሹፌሮቹ ግን አንዳንዴ በር ላይ ሲያልፉ "ጋሼ፣ ዛሬስ ካርቶን አለ?" ይሏቸዋል። ለቀልድ ነው። አንድ ቀን ይህን የሚለውን ሹፌር በሰው ፊት አዋረድኩት፤ ሁሉም ግልፍተኛነቴ ነው መሰላቸው። ጋሼ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ፣ የሆነ ነገር የምጨምር ይመስል ጠበቁ። አልጨመርኩም።

በመጨረሻ የአስመጪው ደብዳቤ መጣ። በዚያ ዙር የገቡት መኪኖች ሁሉ የሞተራቸው ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ደካማ ሆኖ ስለተገኘ በነፃ ይቀየራል ይላል። ያው ወጣት ባለሙያ ዕቃ ጭኖ መጥቶ ሦስቱንም ሠራ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጋሼ ጋ ሄደ። "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሦስቱም የተቃጠለው አንድ ቦታ ላይ ነው። የእርስዎ ካርቶን አፋጥኖት ይሆናል፣ ባይኖርም ግን ከመቃጠል አይቀርም ነበር" አላቸው። ጋሼ "አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን አደረግህ" ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "የእርስዎ ካርቶን" ሲል እኔ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ የጋሼ ማስጠንቀቂያ ይነሣ አልኩ። "መኪናው ተሠራ፣ እሳቸውም ሁለት ወር ነው የቀራቸው። ያደረጉትን ግን ራሳቸው አምነዋል፤ ምን ብዬ ላንሣው?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ልክም ነበር።

"ካርቶኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "አይሆንም ብለውኝ ነበር። ይውጣ ሊሉ ሲቆሙም አላስቆም ያልኩት እኔ ነኝ።"

 "ለምን ዛሬ?" አለ።

 ዛሬ ዋስትናው ስለተረጋገጠ፣ ዛሬ መናገር ምንም ነገር ስለማያፈርስ፣ ዛሬ ርካሽ ስለሆነ ነው ልበለው? የጋሼን ደብዳቤ ሰረዘ፣ በምትኩ ለእኔ ጻፈ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ደስ ብሎኝ ነው የፈረምኩት፣ እንዲያውም ቀለለኝ። የመኪናዋን ቁልፍና የተሰረዘበትን ወረቀት ይዤ ወደ በሩ ስሄድ የምሥራች የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ቀስ ብለው አነበቡት። እንደገና አነበቡት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"ነገርኩት ጋሼ" አልኩ። "እኔ ነኝ አልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ለመሥሪያ ቤቱ ብለው ያደረጉትን ላለማበላሸት ነው እስከ ዛሬ..."

"ልጄ" አሉና አቋረጡኝ። ሰው ሲያቋርጡ አይቼ አላውቅም። "እኔ ነኝ ያልኩት ለዚያች ሰዓት ነበር። ስትደነግጪ አየሁሽና ትንፋሽ ልስጥሽ ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደዚህ ስትመጪ፣ ልትናገሪ እንደምትሄጂ ልትነግሪኝ የመጣሽ መስሎኝ ነበር። ለምን ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም የምትሸከሚው እንዳይከብድሽ አንድ ነገር አልኩሽ። ከዚያ ነገ ትናገራለች አልኩ። ከዚያ በየጠዋቱ በሩን ስከፍትልሽ ዓይንሽን አይ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?" አልኩ።

ቁጣ አልነበረባቸውም። አዝነውልኛል፣ እሱ ነው የገደለኝ።

"ተጠይቆ የሚነገር ቢሆንማ" አሉ፣ "ያ የአስመጪው ልጅ በሁላችን ፊት ጠይቆሽ ነበር።"

ቁልፉን ከእጄ ወስደው ወደ መኪናዋ ሄዱ።